ሌሊት የሚያጥር ትንፋሽ፦ ከኢብኑ ነፊስ እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

 

ብዙዎቻችን ኑሯችን ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆኗል። እናቶቻችንና እህቶቻችን ግን ዛሬም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ናቸው። ከዚያ የሚመጣው ስልክ አንዳንዴ እንዲህ ይላል፦ «እህትህ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። ሌሊት ሌሊት ብቻ ትንፋሽ ያጥራታል። ጋደም ስትል ያፍናታል፤ ተቀምጣ ነው የምታነጋው።» እኛም «እርግዝና አይደል? ስትወልድ ይለቃታል፤ አይዞሽ በሏት» ብለን ስልኩን እንዘጋለን።

ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን እናት ያሳጣል። ሁለቱን ለመለየት የሰው ልጅ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። በመንገዱ ላይ የቡኻራ፣ የደማስቆና የካይሮ ሊቃውንት አሉ፤ የፓሪስና የእንግሊዝ ሐኪሞች አሉ፤ ከጎንደር ኮሌጅ ወጥተው በበቅሎ ወደ ገጠር የወረዱ ጤና መኮንኖች አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ታሪክ ይተርካል፤ መጨረሻ ላይም እያንዳንዳችን በስልክ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎችን ያስቀምጣል። በርጋታ አንብቡት።

◈ ዱካክ፣ ደጋውና ጭሱ

አያቶቻችን ሌሊት ለሚያፍን ነገር ስም ነበራቸው፤ ዱካክ ይሉታል። ሰው ተኝቶ ሳለ ደረቱ ላይ የሚጫነው፣ መናገርም መንቀሳቀስም የሚከለክለው ነገር ነው። ወሯ የገባ ሴት ሌሊት ታፈንኩ ስትል በቤቱ ካሉት አንዱ «ዱካክ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ደጋው ነው። ነፋስ መውጫ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። በ3 ሺህ ሜትር ላይ የሚተነፈሰው አየር የያዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ብርዱና ደጋው ነው የሚያፍናት» ይባላል። ሦስተኛው የማድቤቱ ጭስ ነው፤ መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ በኩበትና በእንጨት እንጀራ ስትጋግር የምትውል ሴት ደረቷ ቢታፈን ማን ይደነቃል?

እነዚህ መልሶች ከባዶ የመጡ አይደሉም። ጭስ በእርግጥ ሳንባን ይጎዳል። ዱካክም የሚሉት ነገር በእርግጥ አለ፤ አእምሮ ሲነቃ የሰውነት ጡንቻዎች ገና ከእንቅልፍ ባለመለቀቃቸው የሚመጣ መሆኑን የዛሬ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ነገር ግን ዱካክ በጥቂት ጊዜ ይለቅቃል፤ ሰውየው ሲነቃ በደንብ ይተነፍሳል። ከእንቅልፏ ባንና ተነሥታ፣ በር ከፍታ፣ ቁጭ ብላ፣ እየሳለች ለረጅም ጊዜ አየር የምትፈልግ ሴት ሌላ ነገር ይዟታል።

ስለ ደጋው ደግሞ አስገራሚ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3 ሺህ 530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ከ2 መቶ በላይ የአማራ ገበሬዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ከከፍታው የተነሣ ይወፍራል። በቲቤት የሚኖሩት ደግሞ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የእኛ ደገኞች ግን የደማቸውም መጠን፣ የኦክስጅናቸውም ልክ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። አላህ ለዚህ አገር ሰው የሰጠው አፈጣጠር ነው። እንግዲህ በጉና ግርጌ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ትናንት ያልታፈነችበት ደጋ ዛሬ ብቻ አፈናት ማለት አያስኬድም።

እዚህ ላይ ሌላ የምናውቀውን ስም እናስታውስ። ሾተላይ። እናቶቻችን አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇ ሲያድግላት ቀጣዮቹ በማኅፀን ወይም እንደተወለዱ ሲሞቱባት አዩ፤ «ሾተላይ አለባት» አሉ። ያዩት እውነት ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. የአርኤች የደም ዓይነት ከታወቀ በኋላ የእናቲቱና የጽንሱ ደም አለመጣጣም መሆኑ ተገለጠ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መከላከያ መርፌ አለው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችም ያንኑ የጥንት ስም ይጠቀማሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እናቶቻችን የሚያዩትን አንናቅ፤ ምክንያቱን ግን እንመርምር። «ሌሊት ያፍናታል» የሚለውም እንዲሁ ነው።

◈ «የቆመ ትንፋሽ»

ቡኻራ አጠገብ የተወለደውና በ428 ሂጅሪያ (1037 እ.ኤ.አ.) የሞተው ኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ስለ ትንፋሽ ሕመሞች ሰፊ ክፍል አለው። ከዘረዘራቸው አንዱ «ኢንቲሷቡ ነፈስ» ይባላል። ቃል በቃል «የትንፋሽ መቆም» ወይም «ቀጥ ብሎ መተንፈስ» እንደማለት ነው፤ በሽተኛው ካልተቀመጠ ወይም ካልቆመ በቀር መተንፈስ የማይችልበት ሁኔታ። ከእሱ በፊት የነበሩት ግሪኮችም ተመሳሳይ ስም ነበራቸው። ከሺህ ዓመት በፊት ሐኪሞች ተራ ድካምን ጋደም ሲሉ ከሚብስ ትንፋሽ ለይተው ስም ሰጥተውታል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአንደሉስ ቁርጡባ ከተማ ዐሪብ ኢብኑ ሰዕድ የተባለ ሊቅ ስለ ጽንስ አፈጣጠርና ስለ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንክብካቤ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ነፍሰ ጡር ሴት የራሷ ጥበቃ የሚያስፈልጋት መሆኗ በእውቀት ገበታ ላይ ቦታ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን «ጋደም ስትል ለምን ታፈነች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አንድ ቁልፍ ጎድሎ ነበር። ደም ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ እንዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

◈ የ29 ዓመቱ ወጣት

ቁልፉን ያገኘው በ1213 እ.ኤ.አ. ገደማ በደማስቆ አካባቢ የተወለደው፣ በኋላ በካይሮ የኖረው ኢብኑ ነፊስ ነው። እስከ እሱ ድረስ ግሪካዊው ጋሌን «ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመሐል ባለው ግድግዳ ላይ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው» ያለውን ሁሉም ተቀብሎት ነበር፤ ኢብኑ ሲና ራሱም ጭምር። ኢብኑ ነፊስ በ1242 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በ29 ዓመቱ፣ የኢብኑ ሲናን መጽሐፍ ሲያብራራ የሚያከብረውን ሊቅ በአክብሮት ተቃወመ። ግድግዳው ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ እዚያ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ልብ ግራ ክፍል ይመለሳል።

ይህ ግኝት ለብዙ መቶ ዓመታት ተረሳ። አውሮፓውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ አዲስ ጻፉት፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይም በ1628 የደምን ሙሉ ዑደት አሳተመ። በ1924 እ.ኤ.አ. ግን ሙሕዪዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኢብኑ ነፊስን የእጅ ጽሑፍ አገኘ። ዓለምም ማን እንደቀደመ አወቀ።

ይህ ከጋይንቷ እህታችን ጋር ምን አገናኘው? እናስረዳ።

ከሳንባ የተመለሰው ደም ወደ ልብ ግራ ክፍል የሚገባው በበር ነው፤ ሐኪሞች ሚትራል ይሉታል። አንዲት ልጅ በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን (ቶንሲሏን) በተደጋጋሚ ታማ ሳትታከም ከቀረች፣ ሰውነቷ ጀርሙን ሲዋጋ በስህተት የራሷን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፤ ይተዋታል። ልቧ ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል። ያ በር ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። ይህ የልብ በሽታ ሩማቲክ ይባላል፤ በበለጸጉት አገሮች ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው በኢትዮጵያ ግን ዛሬም በብዛት ወጣቶችን ይይዛል።

አሁን ማታ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶችን አስቡ። የበረቱ በር ጠባብ ነው። አሥር ከብት ሲሆኑ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ችግር የለም። ሃያ ሆነው ሲሮጡ ግን በሩ ላይ ይታጨቃሉ፤ ኋላ ያሉት በመንገዱ ይቆማሉ። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ልቧም ፈጥኖ ይመታል። በሩ የጠበበ ከሆነ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውሃው ወደ አየሩ ቦታ ይሰርጋል። ጋደም ስትል ደግሞ ቀን በእግሯ የነበረው ደም ወደ ደረቷ ይመለሳል። ለዚህ ነው ቀን ደህና የነበረችው ሌሊት የምትታፈነው። ለዚህ ነው እስከ አምስተኛ ወሯ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የነበረች ጠንካራ ሴት በሰባተኛና በስምንተኛ ወሯ ተቀምጣ የምታነጋው። ብዙዎቹ እስከዚያ ድረስ የልብ ሕመም እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም።

◈ ከፓሪስ እስከ በርንሊ

እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት ያላት ወጣት ሴት ገጠመችው። ጆሮውን ደረቷ ላይ መለጠፍ አፈረ፤ ወረቀት ጠቅልሎ በአንዱ ጫፍ ሲያዳምጥ የልቧ ድምፅ ከወትሮው ጎልቶ ተሰማው። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ የተወለደው ከአንዲት ሴት ሐያእ የተነሣ ነው ብንል አንሳሳትም። በ1895 ደግሞ ፈረንሳዊው አዶልፍ ፒናር አዋላጆች የጽንሱን ልብ የሚያዳምጡበትን ጡሩምባ መሰል ዕቃ ሠራ፤ ይህ ዕቃ ዛሬም በየጤና ጣቢያችን አለ።

ጀምስ ማኬንዚ የሚባለው ሐኪም ግን ከሁሉም ይበልጥ ለርዕሳችን ቅርብ ነው። ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርንሊ በምትባል የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተራ ሐኪም ነበር። አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ምጥ ላይ ሳለች በልብ ድካም ሞተችበት። የልቧን ሁኔታ አስቀድሞ ማወቅ ነበረብኝ ብሎ ራሱን ወቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችን እየተከታተለ የልብን ምት ሲመረምር ኖረ፤ በ1921 ስለ ልብ ሕመምና እርግዝና መጽሐፍ አሳተመ። የልብ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሆነ። ያቺ ሴት ግን ማንም ሳይጠይቃት ሞታለች።

◈ ጋይንት እንዴት ሐኪም አየ?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጉና ደጋና በአባይ፣ በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል የተዘረጋ አገር ነው። ደጋው ብርድ፣ ቆላው ወባ ነው። ለረጅም ዘመን ወሯ የገባች ሴት ያላት እርዳታ የልምድ አዋላጅ፣ የጎረቤት እናቶችና ዱዓ ነበር። ሕመም ከጠናባት ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው ገደል ወርደው፣ ገደል ወጥተው ነው ሐኪም ያለበት የሚያደርሷት።

በ1945 ዓ.ም. በጣና ዳር በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ። ያ እልቂት መንግሥትን አነቃ፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ሐኪም እስኪበቃ አንጠብቅ የሚል ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን እየሰለጠኑ ወደየጤና ጣቢያው ተላኩ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። በበጌምድር ገጠሮች የነፍሰ ጡር ክትትል የሚባል ነገር ሥር የያዘው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ቀጥሎ መንገዱ መጣ። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡ እስካሁን «የቻይና መንገድ» የሚለው የወልድያ–ወረታ መንገድ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን በመኪና አገናኘ። ከዚያ ወዲያ ቃሬዛው የሚሄደው እስከ ዋናው መንገድ ብቻ ሆነ። ስማዳና የእስቴ ቆላ ቀበሌዎች ግን ከመንገዱ ርቀው ቆዩ።

ትልቁ ለውጥ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ለአንድ ዓመት የሰለጠኑ ሁለት ሁለት ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ። ነፍሰ ጡርን ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ በየቀበሌው ተገኘ። አምቡላንስ በየወረዳው ተከፋፈለ። የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ተስፋፉ። ይህ ሐሳብ በኢትዮጵያ በ1976 እ.ኤ.አ. በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል የተጀመረ ሲሆን፣ ከሩቅ የመጣች ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይደርስ ሆስፒታሉ አጠገብ እንድታርፍ የሚያደርግ ነው። ከጊዜ በኋላ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስና ወገዳም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አገኙ።

ቁጥሩ ምን ይላል? በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች ጋር ሲነጻጸር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወረደ። በሠለጠነ ባለሙያ የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግማሽ ያህሉ ሆነዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሌላው ግማሽ ያኔም ቤቱ ነበር።

መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አልሆነም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግጭትም አምቡላንስ እንደልብ የማይሄድበት፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አምጥቷል። ለዚህ ነው «ሲብስባት እንወስዳታለን» የሚለው አነጋገር ለዚህ አገር የማይሠራው። ሲብስባት መንገድ ላይኖር ይችላል። ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

◈ ታዲያ የቱ ደህና ነው? የቱስ አደጋ?

ከነፍሰ ጡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትንፋሽ የማጠር ስሜት ይሰማቸዋል። የእርግዝና ሆርሞን አእምሮን «በጥልቀት ተንፍስ» ብሎ ያዘዋል፤ የሚያድገው ማኅፀንም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ዕረፍት ሲደረግ የሚሻል፣ ሥራ የማያስጥል ነው። በተለይ በመጀመሪያ እርግዝና የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ሲወርድ ቀለል ይላል።

በጀርባ መተኛት ግን ለብቻው ችግር አለው። ከባዱ ማኅፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል፤ ሴትየዋ ልቧ ይወድቃል፣ ያልባታል፣ ይደክማታል። ሐኪሞች ይህንን ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽፈውታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ28 ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት፣ ከራስ በኩል ከፍ ማለት። እዚህ ላይ አንዳንድ እህቶቻችን በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑን ስለሚያውቁ «በግራ ተኚ» ሲባሉ ይጨነቃሉ። አትጨነቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. የበርካታ አገሮችን ጥናት አንድ ላይ ያየው ምርምር ለጽንሱ አደጋ ሆኖ ያገኘው በጀርባ መተኛትን ነው፤ በግራና በቀኝ ጎን መካከል ልዩነት አላገኘም።

ሌላው የደም ማነስ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው። በቆላ ወባውና የአንጀት ትላትሉ ይጨምርበታል። ደም ያነሳት ሴት ትንሽ ዳገት ስትወጣ ታለከልካለች፤ የዓይኗ ውስጠኛ ክፍልና መዳፏ ይነጣል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የአይረን ክኒን ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አታድርገው፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። «ትንፋሽ ያጥራታል» ሲባል እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ጋደም ስትል ይብስባታል? በስንት ትራስ ነው የምትተኛው? አንድ የነበረው ሁለት፣ ሦስት ሆኗል? ወይስ ተቀምጣ ነው የምትተኛው?

2. ከእንቅልፏ ባንና፣ አየር አጥታ ተነሥታ ታውቃለች?

3. ሌሊት ትስላለች? አክታዋ አረፋ ወይም ደም አለው?

4. ልቧ በኃይል ይመታል? ደረቷን ያማታል? ራሷን ስታ ወድቃ ታውቃለች?

5. ፊቷና እጇ አብጧል? ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ አለባት? ይህ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል።

6. አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ያማታል? ይህ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

7. ልጅ ሳለች መገጣጠሚያዋን አሟት፣ አብጦባት ያውቃል? «ልብሽ ጥሩ አይደለም» ተብላ ታውቃለች?

ከእነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ ነገን አትጠብቁ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ካልተቻለም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትሂድ። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም መናገር ካቃታት በሌሊትም ቢሆን ትነሣ፤ ስትወሰድም ተቀምጣ እንጂ ተጋድማ አይሁን። በቃሬዛ ከሆነ ጀርባዋን ደግፋችሁ ቀና አድርጓት።

ጤና ጣቢያ ስትደርስም የጽንሱ ልብ ተደምጦ «ልጁ ደህና ነው» ተብሎ እንዳይበቃ። «የእናትየውንም ልብና ሳንባ አዳምጡልን» ማለት ነውር አይደለም። የሚያጠራጥር ነገር ካለ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ይጠየቃል። መድኃኒት አለው። በጊዜ የታወቀች ሴት ክትትል እየተደረገላት፣ ሆስፒታል ወልዳ፣ ልጇን ይዛ ትመለሳለች። የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለባቸው በየወሩ የሚወጉት ፔኒሲሊን በሽታው እንዳይብስ ይረዳል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ማዕከልም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ሥሩ ግን ልጅነት ላይ ነው። የልጅ ቶንሲል በእንጥል ማስቆረጥ አይድንም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ በፔኒሲሊን ይታከም። ዛሬ የአንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ጉሮሮ ማሳከም ከ15 ዓመት በኋላ አንዲት እናትን ማትረፍ ነው።

◈ ስትወልድ ያልቃል?

«ስትወልድ ይለቃታል» እንላለን። ለተራው የትንፋሽ ማጠር እውነት ነው። ለልብ ሕመም ግን ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቀናት ከሁሉም አደገኞቹ ናቸው፤ ማኅፀኑ ሲሸበሸብ በውስጡ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳል። በተጨማሪም ከዚህ በፊት ፍጹም ጤነኛ የነበረ ልብ በእርግዝናው መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የሚደክምበት ሕመም አለ።

ስለዚህ ኤልድሪድ ፓሪ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም የጻፉት ትምህርት አለው። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ዛሪያ ከተማ ሄዱ። እዚያ ያሉ የሐውሳ ሙስሊም እናቶች ከወለዱ በኋላ በእሳት በሚሞቅ የጭቃ መደብ ላይ ይተኛሉ፤ በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ፤ ካንዋ የሚባል የሐይቅ ጨው የበዛበት ገንፎ ለ40 ቀን ያህል ይበላሉ። አራስን ከብርድ ለመጠበቅ በፍቅር የሚደረግ ነው። ፓሪና ባልደረቦቻቸው ግን ጨውና ሙቀቱ የብዙ እናቶችን ልብ እንደሚያደክም በ1970ዎቹ ጻፉ። የእኛ ልማድ ከዚያ ይለያል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አራስ «ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጋደም ማለት አልቻልኩም» ካለች «አራስ ናት፣ ደክሟት ነው» ብለን አንለፋት።

◈ ለመዝጋት

ከኢብኑ ሲና እስከ ማኬንዚ ያለው መንገድ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው፦ ይህች ሰው ጋደም ስትል ለምን ታፈነች? ሊቃውንቱ መልሱን አግኝተውልናል። ጎንደር የሰለጠኑት ሰዎችና የየቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መልሱን እስከ ስማዳ ገደል አውርደውታል። የቀረው ጥያቄውን በጊዜ መጠየቅ ነው። ያንን ደግሞ ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ወንድም መሆን፣ ባል መሆን፣ ልጅ መሆን ይበቃል።

ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ከጠየቃችሁ በኋላ ይህችን ጨምሩ፦ «ሌሊት እንዴት ነው የምትተኚው? በስንት ትራስ?»

አላህ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን በሰላም ያገላግልልን። አገር ቤት ነፍሰ ጡር ላለችው ሁሉ እንዲደርስ ሼር አድርጉት።